ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ደም እንዳይረጋ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እናቴ በስልሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የቀኝ ዳሌዋን መገጣጠሚያ ለብዙ ዓመታት ሲያሠቃያት የኖረው ብግነት አሁን ከመኝታዋ እስከ ደጃፉ እንኳ ያለ ምርኩዝ የማያደርሳት ሆኗል። ደሴ የመረመሯት ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት፤ እዚያ ያዩዋት የአጥንት ስፔሻሊስት ደግሞ መገጣጠሚያው ስላለቀ በሰው ሠራሽ መቀየር አለበት ብለው ቀጠሮ ሰጥተውናል። ቤተሰቡም ተስማምቶበታል።

እንቅልፍ የነሳኝ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሐኪሙ «ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ከምንፈራቸው ነገሮች አንዱ እግር ላይ የሚረጋ ደም ነው፤ መከላከያ መድኃኒት እናዝዛለን» ብለው ነበር፤ ነገር ግን ወረፋው ብዙ ስለነበር ዝርዝሩን ለመጠየቅ አልቻልንም። እኛ ሰፈር አንዲት እናት ይህንኑ ሕክምና አድርገው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ቁስሉ ደርቋል ተብሎ መርፌው ተቋረጠባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ባታቸው አብጦ፣ ትንፋሽም አጥሯቸው በሌሊት ወደ ደሴ ተወሰዱ። እርሳቸው ተርፈዋል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል።

ለመሆኑ ደሙ የሚረጋው በእናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ነው ወይስ በቀዶ ሕክምናው? መድኃኒቱ ለስንት ቀን ይወሰዳል፤ መርፌና ኪኒንስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለሕመሟ ዘወትር የምትውጠውን ዳይክሎፌናክ አብራ መቀጠል ትችላለች? ከአዲስ አበባ እስከ ሐይቅ ያለውን መንገድስ እንዴት እናምጣት? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ሐኪም ነኝ፣ ከደሴ

እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሐሳብ የገባዎት በተገቢው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከዳሌ ቅየራ በኋላ የሚረጋው ደም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ታካሚው ሆስፒታል ሳለ ሳይሆን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ከጉልበት ቅየራ በኋላ ሕመሙ የሚታወቅበት መካከለኛ ጊዜ 7ኛው ቀን ሲሆን ከዳሌ ቅየራ በኋላ ግን 17ኛው ቀን ሆኖ ተገኝቷል። በ17ኛው ቀን አብዛኛው ታካሚ ቁስሉ እየደረቀለት፣ ጠያቂው እየቀነሰለት፣ ቤተሰቡም «አሁንስ ዳነ» ማለት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። የሰፈርዎ እናት የገጠማቸውም ይኸው ይመስለኛል።

ወደ መንስኤው ስንመጣ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፈው ጋር ስማቸው ተያይዞ የሚነሣ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የደም ዝውውር መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን ናቸው። የዳሌ ቅየራ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያመጣቸዋል። ሐኪሙ አዲሱን መገጣጠሚያ ለመግጠም እግሩን ሲያዞረው ከጭን ወደ ላይ የሚወጣው ትልቁ የደም መልስ ሥር ይታጠፋል፤ የጭኑ አጥንት ውስጡ ሲፋቅ መርጋትን የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ፤ ከዚያ ደግሞ ታካሚው ይተኛል። የባት ጡንቻ በተራመድን ቁጥር ደምን ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ስለሆነ፣ እግር ሥራ ሲፈታ ደሙ ባት ውስጥ ይቆያል። የመከላከያ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በተደረጉ ጥናቶች፣ የደም ሥር በቀለም ተነሥቶ ሲታይ ከ100 ታካሚዎች ከ40 እስከ 60 በሚሆኑት ላይ የረጋ ደም ይገኝ ነበር፤ አብዛኞቹ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ዛሬ መከላከያውን በአግባቡ በሚወስዱት ላይ ምልክት የሚያሳይ መርጋት የሚደርሰው ከ100 በጥቂቶቹ ብቻ ነው።

የእናትዎ ሕመም ዕድሜ ያመጣው የመገጣጠሚያ መሸርሸር ከሆነ፣ ሥጋቱን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ቀዶ ሕክምናውና እንቅስቃሴ ማነሱ ነው። ሕመሙ የሰውነት መከላከያ ራሱን በማጥቃቱ የሚመጣው፣ ጣቶችንና የእጅ አንጓን የሚያሳብጠው ሩማቶይድ ከሆነ ግን ብግነቱ ራሱ ደሙን ለመርጋት ያቀርበዋል፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ በግልጽ ማወቅ አለባቸው። ከዚህ ቀደም እርሳቸው ወይም የቅርብ ዘመድ ደም ረግቶባቸው ከሆነ፣ ካንሰር ካለባቸው፣ ኤስትሮጅን ያለበት የሆርሞን መድኃኒት ከወሰዱ፣ ክብደታቸውም ከፍ ያለ ከሆነ ሳይጠየቁም ቢሆን ይናገሩ።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪሞች የሚመርጡት ከጥቂት ዓይነቶች ነው። ኢኖክሳፓሪን በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚሊግራም ከሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው። ሪቫሮክሳባን 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ አፒክሳባን ደግሞ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጡ ኪኒኖች ናቸው። ለዳሌ ቅየራ የተለመደው ጊዜ እስከ 35 ቀን ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ያለው ደግሞ ዝቅተኛው ነው። አስፕሪንም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ሪቫሮክሳባን ከተሰጠ በኋላ ወደ አስፕሪን መሻገር በሪቫሮክሳባን ከመቀጠል ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 3.45 በመቶው፣ ኢኖክሳፓሪን ከወሰዱት ደግሞ 1.82 በመቶው በ90 ቀናት ውስጥ ምልክት ያለው የደም መርጋት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ «አስፕሪንም ያው ነው» ብሎ የታዘዘውን ራስ በራስ መለወጥ ትክክል አይደለም፤ ለእናትዎ የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት የኩላሊት ምርመራቸውን፣ ክብደታቸውንና የመድማት ታሪካቸውን ያዩት ሐኪም ናቸው።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ

የደሴው ሐኪም በሚገባ ስላስረዱ እኔ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ሆኜ ዘወትር የማየውን ልጨምር።

ከሁሉ አስቀድሞ ዳይክሎፌናክ። እኛ አገር የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክን ወይም አይቡፕሮፌንን እንደ ስኳር ከቤቱ አያጣውም። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፣ የደም ሕዋሳትንም እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ፤ ከደም መርጋት መከላከያ ጋር በአንድነት ሲወሰዱ ጨጓራ ውስጥ የመድማት አደጋ በጣም ከፍ ይላል። በመከላከያው ጊዜ ለሕመም የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ ካልበቃ ሐኪሙ ሌላ ያዛሉ። ቅባት መልክ ያለው ዳይክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ቢሆንም እርሱንም ጠይቀው ይጠቀሙ። የሩማቶይድ ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜቶትሬክሴት አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ወቅትም አይቋረጥም፤ ፕሬድኒሶሎንም በድንገት መቆም የሌለበት መድኃኒት ነው። ስለዚህ እናትዎ የሚውጡትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት አድርገው ለሐኪሙ ያሳዩ።

ኪኒን ከታዘዘ የሌሎች መድኃኒቶች ጉዳይ ይነሣል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሪቫሮክሳባንንና የአፒክሳባንን ኃይል ያዳክማሉ። የታዘዘው ዋርፋሪን ከሆነ ደግሞ ምግብም ይነካዋል፤ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ፣ በጾም ወራት በየቀኑ ጎመን በልቶ በፍስክ የሚተወው ሰው የደም ምርመራ ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጎመን አይበላ ማለት አይደለም፤ መጠኑ በድንገት አይለዋወጥ ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ሰዎች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝን አንድ ነገር በይፋ ልጻፈው። ኢኖክሳፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ከሚገኝ ሄፓሪን ነው። ይህን በመሐል የሰማ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ለማንም ሳይናገር መርፌውን ሲያቆም አይቻለሁ። የእናትዎ ቤተሰብ ይህ የሚከብደው ከሆነ የሚነገርበት ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ፎንዳፓሪኑክስ በኬሚካል የሚቀመሙ በመሆናቸው ሐኪሙ ሌላ መንገድ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ብዙ የሃይማኖት አባቶችም ሕይወትን ለማዳን የሚሰጥ ሌላ ምትክ ያልተገኘለት መድኃኒት እንደሚፈቀድ ያስተምራሉ። መድኃኒቱን በልብ ይዞ ዝም ብሎ መተው ግን አደገኛ ነው።

መርፌውን ቤት ውስጥ ቤተሰብ መስጠት ይችላል፤ ከሆስፒታል ሳትወጡ ነርሷ ፊት አንድ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ወግተው ይለማመዱ። እናትዎ ጋደም ብለው ከእምብርታቸው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ራቅ ባለ የሆድ ጎን ላይ ቆዳቸውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ መድኃኒቱ አልቆ መርፌው እስኪወጣ ድረስ ቆዳውን አይልቀቁ። ተሞልቶ በሚመጣው የ40 ሚሊግራም መርፌ ውስጥ የምትታየውን ትንሽ የአየር አረፋ አያስወጧት፤ ሲያስወጡ መድኃኒቱም አብሮ ይፈሳል። ከተወጋ በኋላ ቦታውን ማሸት ያበልዘዋል። አንድ ቀን በቀኝ፣ በማግስቱ በግራ እያፈራረቁ ይስጡ። ማስቀመጫው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፣ እንዲበርድ ብሎ በረዶ ቤት ውስጥ መክተት ደግሞ ያበላሸዋል። ሐይቅ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ከምድጃና ከፀሐይ ማራቅ ይበቃል፤ ኮምቦልቻና ከሚሴ ላላችሁ ግን የቤታችሁን ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጉ። ያገለገሉትን መርፌዎች ጠንካራ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመው ለጤና ጣቢያ ያስረክቡ።

መልስ፦ የወልድያው

አባቴ ይኸው ሕክምና ተደርጎላቸው ቤት ያስታመምኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ሐኪሞቹ ያልነኩትን የቤት ነገር ልናገር።

እኛን ያስቸገረን የመጀመሪያው ነገር ወረቀት ነው። የታከሙበት ሆስፒታል በሰጠን የመውጫ ወረቀት ላይ መድኃኒቱ በየትኛው ቀን እንደሚቆም አልተጻፈበትም፤ የቀጠሮው ቀን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለነበር ቤት ያሉት በእኛ አቆጣጠር አነበቡት። እርስዎ ከመውጣትዎ በፊት የመጨረሻው መድኃኒት የሚወሰድበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍልዎ በትሕትና ይጠይቁ። መድኃኒቱንም ሳይከፋፍሉ የሙሉውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ገዝተው ይግቡ፤ እኛ የአሥር ቀን ብቻ ይዘን ገብተን ቀሪውን ለማግኘት ብዙ ተንከራተናል።

ሁለተኛው የሰው ፍቅር ነው። በወሎ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጠያቂ አይቋረጥበትም፤ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ «ተኙ፣ እንዳይነሡ፣ አጥንትዎ ይጽና» ይላል። አባቴም አክብረው ይተኙ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን በግልጽ የነገሩን፣ ታካሚው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ በዎከር ተደግፎ መነሣት እንዳለበትና ቤትም ሲገባ በቀን ደጋግሞ አጭር አጭር እርምጃ መራመድ እንዳለበት ነው። የተከለከለው መንቀሳቀስ ሳይሆን ዳሌን ከመጠን በላይ ማጠፍ ነው፦ በርጩማና ዱካ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ እግርን ማነባበር፣ ለስግደት መደፋት፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት። ቤተሰብ እነዚህን ሁለቱን ሲያምታታ ሕመምተኛው ጭራሽ ይተኛል። እኛ ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ወንበር ሳሎን አስቀመጥንላቸው፣ ሶላታቸውን በወንበር ላይ ሰገዱ፣ መጸዳጃውም ላይ አናጺ መሐሉን የቀደደው ወንበር አደረግን። ቡና ሲፈላ ደግሞ በየስኒው መሐል ተነሥተው እስከ በሩ ደርሰው እንዲመለሱ ከጠያቂው ጋር ተነጋገርን፤ ጠያቂውም ሲገባው ራሱ «ተነሡ እንጂ» ማለት ጀመረ። ተኝተው ሳሉም የእግራቸውን መዳፍ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ማለት ነው። ጉዞው መቼ እንደሚቻል ቀዶ ሐኪሙ ይፍቀዱ። የምትችሉ ከሆነ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይምጡ፤ ካልሆነ የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ የሚለጠጥ መኪና ተከራዩ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ካራ ቆሬና ከሚሴ ላይ ብቻ ሳይሆን በየአንድ ሰዓቱ ገደማ እየወረዱ ይራመዱ። ሽንት ያስቸግረኛል ብለው ውኃ መጠጣት እንዳይተዉ፤ አባቴን ማሳመን የከበደኝ ይህ ነበር። የዕለቱ መድኃኒት በመንገድ ምክንያት መታለፍ የለበትም።

የሐይቅ ልጅ

ሁላችሁንም አፊያ ያድርግልኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት እግር ማበጡ አይቀርም ይባላል፤ ታዲያ ደም የረጋበትን እብጠት በምን እንለየዋለን? እናቴ ደግሞ ጿሚ ናት፤ ማገገሚያዋ ከረመዳን ጋር ይገጥማል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ሐኪም ነኝ፣ ከደሴ

ከረመዳኑ ልጀምር። በሽተኛ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ እንዲያሸጋግር በቁርኣን ስለተፈቀደለት፣ በእነዚያ ሳምንታት እናትዎ ባይጾሙ እመርጣለሁ፤ ውኃ ያነሰው ደም ለመርጋት ይቀርባልና። ይህንን ከመስጊዳቸው ኢማም አንደበት ቢሰሙት ልባቸው ይረጋል። እጾማለሁ ካሉም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው መድኃኒት በማፍጠሪያ ሰዓት ሊደረግ ስለሚችል፣ ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ይወስኑ። መድኃኒቱ ቢረሳ በዚያው ቀን እንዳስታወሱ ይወሰዳል፤ በማግስቱ ሁለቱን ቀን ደርቦ መውሰድ ግን አይገባም።

እብጠቱን ለመለየት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከጉልበት በታች ፊት ለፊት ከሚዳሰሰው የአጥንት እብጠት 10 ሴንቲሜትር ወደ ታች ወርደው፣ የሁለቱንም ባት ዙሪያ በየቀኑ ጠዋት ለክተው ይጻፉ። የተለመደው እብጠት ሌሊት እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር ይቀንሳል፣ ከቀን ወደ ቀንም እየጎደለ ይሄዳል። በአንጻሩ አንዱ ባት ከሌላው ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከበለጠ፣ ጎድሎ የነበረው እብጠት ተመልሶ ከጨመረ፣ ባቱ ሲነካ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ በዚያው ቀን ለምርመራ ይምጡ። ምርመራው የእግር ደም ሥር አልትራሳውንድ ነው፤ ዲ ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በማንኛውም ሰው ላይ ከፍ ስለሚል በዚህ ወቅት ብዙ አይረዳም። እግሩ ሳያብጥም መርጋት ሊኖር እንደሚችል ግን አይርሱ።

ወጌሻ ጠርቶ የታመመውን ባት በቅቤ ወይም በዘይት ማሳሸትን በጥብቅ እቃወማለሁ፤ የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የሚያጣብቀውን ካልሲም በእግራቸው ልክ ካልታዘዘ በስተቀር ከገበያ ገዝተው አያልብሷቸው፤ በተለይ የእግር ደም ሥር መጥበብ ላለባቸው ሰዎች ጉዳት አለው፤ ቢታዘዝም የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም።

የመድማት ምልክቶችም አሉ፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የማይቆም የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ከቁስሉ የማያቋርጥ ፈሳሽ። የደም ማነስ ኪኒንም ሰገራን ስለሚያጠቁር፣ እየወሰዱ ከሆነ ለሚያዩዋቸው ባለሙያ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ ከማቆምዎ በፊት ይደውሉ ወይም ያሳዩዋቸው።

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት ያለ ምክንያት መፍጠን ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ። የሐይቅ ሰው ስለሆናችሁ ደሴ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በሌሊት የሚመጣ ባለመኪና ስልክ ከአሁኑ ይያዙ፣ የመውጫ ወረቀቱንና መድኃኒቱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ በሩ ላይም የመጀመሪያ ቃላችሁ «የዳሌ ቅየራ ተደርጎላታል» የሚል ይሁን።